የተጣለ ትልቅ ውሻ ስታገኙ፦ ከመንገድ አንስቶ አዲስ ቤት እስከማስገባት

አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ውሾች የሚጣሉበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ግቢ ያለው ቤት ይሸጥና ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም ይገባል። ወይም ባለቤቱ ውጭ አገር ይሄዳል። ወይም ለጥበቃ ተብሎ የመጣው ቡችላ አድጎ የቀን ቀለቡ ሲታይ ቤተሰቡ ይደነግጣል። ሰው «የፈረንጅ ውሻ» የሚለው ጀርመን ሼፐርድ፣ ሮትዋይለር ወይም የእነሱ ዲቃላ መንገድ ላይ ሲወጣ ከሀበሻው ውሻ የባሰ ይቸገራል። ገንዳ ላይ ተጋፍቶ መብላት አይችልበትም። የሰፈሩ ውሾች አያስጠጉትም። ከተማው ዳር ባሉ ሰፈሮች ደግሞ ሌሊት ጅብ አለ።

ከመንገድ ማንሳቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቤት ማግኘቱ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። በችኮላ የተሰጠ ውሻ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተመልሶ እዚያው መንገድ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ሌላውን ነገር ጠቅለል አድርጌ፣ ቤት አመራረጡ ላይ ረዘም ብዬ እጽፋለሁ።

1. ከመጠጋታችሁ በፊት ራቅ ብላችሁ እዩት

መጀመሪያ የምታጣሩት የዕብድ ውሻ በሽታን ነው። መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ሲሄድ የሚንገዳገድ፣ ውኃ መዋጥ ያቃተው፣ ያለ ምክንያት ያገኘውን ሁሉ የሚናከስ ውሻ ካያችሁ አትጠጉት። ልጆችን አርቁ፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። እንዲህ ያለውን ውሻ በራሳችሁ ለመያዝ አትሞክሩ።

ማንም ሰው ቢነከስ ወይም ቢቧጨር ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም መሄድ ነው። የዕብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚያድነው ምልክቱ ሳይታይ ከተወሰደ ብቻ ነው። ጸበል የሚሄድ ሰውም መርፌውን ተወግቶ ይሂድ። የነከሰው ውሻ ጤነኛ መስሎ ከታየ ሳይገደል ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል።

ውሻው ንቁ ከሆነ፣ እየፈራም ቢሆን ምግብ ወደያዘ ሰው የሚያይ ከሆነ፣ ቀስ ብላችሁ ትጀምራላችሁ።

2. ማስለመድና መያዝ

ፊት ለፊት አትሂዱ። ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ፣ ዓይኑ ላይ አታፍጥጡ፣ ምግቡን ወርወር አድርጉለትና ወደ ኋላ ተመለሱ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ድንገት ጎንበስ አትበሉ። መንገድ ላይ የቆየ ውሻ ሰው ወደ መሬት ሲያጎነብስ ድንጋይ ሊያነሳ መሆኑን ያውቃል። ወይ ይሸሻል፣ ወይ ቀድሞ ይመጣባችኋል። መቀመጥ ካስፈለጋችሁ እሱ እያያችሁ ከሩቁ ቀስ ብላችሁ ቁጭ በሉ።

ቤት ያደገ ውሻ ስም አለው። ቦቢ፣ ጃክ፣ ሬክስ፣ ማክስ፣ አንበሳ እያላችሁ ሞክሩ። ጆሮው የሚቆምበት ስም ይኖራል። ብዙ ባለቤቶች የፈረንጅ ውሻን በእንግሊዝኛ ስለሚያዙ «ሲት» እና «ካም» በሉት። በ«ቁጭ በል» ያልተነቃነቀ ውሻ በ«ሲት» ቁጭ ሲል አይቻለሁ።

ለመያዝ ወፍራም ገመድ በቂ ነው፣ ጫፉን እንደ ቀለበት አድርጋችሁ እየበላ ሳለ በአንገቱ ታስገባላችሁ። ቀጭን ሲባጎ ይቆርጠዋል። ጥግ አስይዛችሁ አትያዙት፣ ማምለጫ ያጣ ውሻ ይናከሳል። የመጀመሪያው ቀን ካልተሳካ በነጋታው በዚያው ሰዓት በዚያው ቦታ ምግብ ይዛችሁ ተመለሱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እሱ ራሱ ይጠብቃችኋል። በዚህ መሀል አንገቱ ላይ ደማቅ ማሰሪያ ማድረግ ከቻላችሁ አድርጉ። በከተሞቻችን ባለቤት የለውም የተባለ ውሻ በመርዝ የሚገደልበት ጊዜ ስላለ ማሰሪያው «ሰው አለው» ይልለታል።

ታክሲ ትልቅ ውሻ አይጭንም። ፒካፕ ያለው ሰው ፈልጉ፣ የራይድ ሹፌር ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ ደውላችሁ እውነቱን ንገሩት። የተጎዳና መቆም ያቃተውን ውሻ ሁለት ሰው ሆኖ በብርድ ልብስ ወይም በቡሉኮ ያነሳዋል። ወንድ ጀርመን ሼፐርድ ጤነኛ ሲሆን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፣ አንድ ሰው ተሸክሞት ወገቡን መጉዳት የለበትም።

3. ባለቤቱን ፈልጉ

የጠፋ ውሻና የተጣለ ውሻ መንገድ ላይ አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው የሰፈሩ ሰው ነው። በአቅራቢያው ያሉትን የግቢ ጥበቃዎች፣ ባለ ሱቁን፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋን ልጅ ጠይቁ። የተጣለ ውሻ ብዙ ጊዜ ከድሮው በር አይርቅም። ቤተሰቡ ለቆ ከሄደ በኋላ በዚያው ብረት በር ሥር የሚተኛ፣ መኪና ክላክስ ባደረገ ቁጥር ብድግ ብሎ ጅራቱን የሚወዘውዝ፣ የሚወርደው ሰው ሌላ ሲሆን ተመልሶ የሚተኛ ውሻ ካያችሁ ታሪኩን ጥበቃው ይነግራችኋል።

ፎቶውን በሰፈር የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልቀቁ። ግን አንድ ምልክት ደብቁ፣ ለምሳሌ ደረቱ ላይ ያለች ነጭ ነጥብ ወይም የተቆረጠ የጆሮ ጫፍ። «የኔ ነው» የሚል ሰው ያንን ምልክት ይንገራችሁ፣ የድሮ ፎቶም ያሳያችሁ። የፈረንጅ ውሻ ዋጋ ስላለው የእሱ ያልሆነውን ሊወስድ የሚመጣ አይጠፋም። ሁለት ሳምንት መጠበቅ ተገቢ ይመስለኛል። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱም ማይክሮቺፕ ማንበቢያ ካላቸው እንዲያዩላችሁ ጠይቁ፣ በተለይ ከውጭ የመጣ ውሻ ቺፕ ሊኖረው ይችላል።

ባለቤቱ ተገኝቶ «አልፈልገውም» ካለ በጽሑፍ ወይም በድምፅ መልእክት ያረጋግጥላችሁ። አትሳደቡ። ስለ ክትባቱ፣ ስለ ዕድሜው፣ ሰው ነክሶ ያውቅ እንደሆነ ሊነግራችሁ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ውጭ ያለ ባለቤት «እወስደዋለሁ» ካለ ደግሞ ጊዜውን አስረዱት። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ለማስገባት ማይክሮቺፕና የዕብድ ውሻ ክትባት ያስፈልጋል፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይመረመራል፣ ደሙ ከተወሰደ በኋላም 3 ወር ይጠበቃል። ይህን ሁሉ ወር ውሻው የሚቆየው የት ነው? ቁርጡ ቀድሞ ይታወቅ።

4. የተራበን ውሻ ማብላት

አጥንቱ የወጣ ውሻ ሲያዩ ሰዎች አንጀታቸው ይላወሳል፣ ሳህን ሙሉ ምግብ ያቀርባሉ። ይህ ሊገድለው ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንዴ ብዙ ምግብ ሲያገኝ ደም ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ፖታሲየም በድንገት ይወርዳል፣ ልብም ይታወካል። በጣም ለከሳ ትልቅ ውሻ በመጀመሪያው ቀን ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ያህል የተቀቀለ ሥጋ ከትንሽ ሩዝ ጋር፣ በቀን አራት ጊዜ ይበቃዋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጨመራችሁ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ወደ ሙሉ ምግብ ትደርሳላችሁ። ውኃ ግን ሁልጊዜ አጠገቡ ይሁን።

የወጥ ትራፊ አትስጡት። ችግሩ በርበሬው ብቻ አይደለም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ወጣችን ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ከሉካንዳ የሚገዛ ሳንባና ጉበት ርካሽ ነው፣ ጥሩም ነው፣ ግን በደንብ ይቀቀል። በጥሬው የበላ ውሻ የኮሶ ትል ዓይነት ጥገኛ ሊይዝ ይችላል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ሰው ውስጥ ሲገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። በበዓል በግ ስትጥሉም ያንን ውኃ የቋጠረ ጉበት ለውሻ መወርወር መቅረት አለበት። የተቀቀለ አጥንት ስለሚሰነጠር አንጀት ይበሳል።

ሁዳዴ ላይ ሉካንዳ ስለሚዘጋና የቤት ትራፊ ስለሚጠፋ የመንገድ ውሾች እጅግ የሚከሱት ያኔ ነው። በዚያ ወቅት ያነሳችሁት ከሆነ የተቀቀለ እንቁላል ከሩዝ ጋር ጥሩ አማራጭ ነው።

ካገገመ በኋላም የቀን ምግቡን ሁለት ቦታ ክፈሉት፣ በልቶ ወዲያው አይሩጥ። ደረታቸው ጥልቅ በሆኑ ትልልቅ ውሾች ሆድ በአየር ተነፍቶ ሊጠማዘዝ ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ከተወጠረና ለማስታወክ እየታገለ ምንም ካልወጣው እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

5. ሐኪም

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ድረስ የሚመጡ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ፣ ለትልቅና ለፈሪ ውሻ ይህ ይሻላል። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም አለ። የዕብድ ውሻና የሌሎቹን በሽታዎች ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ የመዥገርና የቁንጫ ሕክምና አስጀምሩ። የካርድ ወይም የደብተር ማስረጃ ተቀበሉ። ሌላ ውሻ ካላችሁ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አታገናኟቸው።

ሦስት ነገሮችን ራሳችሁ ጠይቁ። አንደኛ፣ አንገቱ ይታይ። ቡችላ ሳለ የታሰረ ሰንሰለት ሳይላላ ቀርቶ ሥጋው ውስጥ የሚቀበርበት ጊዜ አለ። ፀጉሩ ስለሚሸፍነው ዓይን አያየውም፣ ሽታውና በጣት ሲዳሰስ የሚገኘው እርጥብ መስመር ነው የሚያጋልጠው። ራሳችሁ አትጎትቱት፣ ሐኪሙ አደንዝዞ ያውጣው። ሁለተኛ፣ ብልቱ አካባቢ የሚደማ የአበባ ጎመን የመሰለ እብጠት ካለ በግንኙነት የሚተላለፍ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ያስፈራል፣ ግን በየሳምንቱ በሚሰጥ ቪንክሪስቲን የሚባል መርፌ ብዙዎቹ ይድናሉ። ሦስተኛ፣ እከክ ካለበት ለከብትና ለበግ የሚሆነውን አይቨርሜክቲን ገዝታችሁ በግምት አትውጉት። አንዳንድ እረኛ ዝርያዎች፣ ከጀርመን ሼፐርድም የተወሰኑት፣ በተፈጥሯቸው ይህን መድኃኒት አይችሉትም፣ አእምሯቸውን ይመርዘዋል። ለከብት መዥገር የሚረጨውን መርዝም ውሻ ላይ አታፍስሱ።

ማምከንን ከርክክብ በፊት ጨርሱት። «ወሳጁ ያስመክናል» የሚለው ተስፋ አይሠራም። በተለይ ሴት ጀርመን ሼፐርድ ከሆነች ቡችላ አስወልዶ ለመሸጥ የሚፈልጋት ሰው ወረፋ ይይዛል። ከመከነች ያ ሰው ራሱ ይቀራል።

6. አብራችሁት ቆዩና እወቁት

ማረፊያው ደረቅ ይሁን። በባዶ ሲሚንቶ ላይ የሚተኛ ትልቅ ውሻ ክርኑና ዳሌው ይቆስላል። የእንጨት ፓሌት ላይ ጭድ የሞላ ጆንያ ማንጠፍ በክረምትም ያዋጣል። ተከራይ ከሆናችሁ አከራያችሁን ቀድማችሁ አነጋግሩ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጸባይ እውነተኛ ጸባዩ አይደለም። ዝም ብሎ የሚተኛው ውሻ ስለደከመና ስለፈራ ሊሆን ይችላል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ በር ላይ ሌላ ውሻ ይሆናል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ወር ሳያልፍ «ልጅ ይወዳል» ብላችሁ አትማሉ። በገመድ ይዛችሁ እነዚህን አሳዩት፦ ዶሮ፣ በግ፣ ሌላ ውሻ፣ ዱላ የያዘ ሰው፣ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው፣ የሚሮጥ ልጅ። እየበላ ሳለ ሰው ሲያልፍ ያጉረመርማል? የሚፈራውንና የሚያስቆጣውን በወረቀት ጻፉ። ይህ ወረቀት ለአዲሱ ባለቤት ከክትባት ካርዱ እኩል ይጠቅመዋል።

7. ቤት መምረጥ

ማስታወቂያ እንዳወጣችሁ ስልካችሁ ይጮኻል። ከደዋዮቹ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ይናከሳል ወይ?» ነው። እንዲናከስላቸው ፈልገው ነው። ይህ ውሻ አንዴ በዚህ መንገድ ሄዶ ነው መንገድ ላይ የወደቀው፦ ለጥበቃ መጣ፣ ቀን ሙሉ ታሰረ፣ ሌሊት ተለቀቀ፣ ማንም ሳያጫውተው ቁጡ ሆነ፣ አንድ ቀን እንግዳ ነከሰና ተባረረ። ግቢ መጠበቁን አልቃወምም። ጀርመን ሼፐርድ ካላዘዙትም ግቢውን ይጠብቃል። የምቃወመው ውሻውን እንደ ቁልፍ ቆጥሮ በሩ ላይ ማንጠልጠሉን ነው።

ስለዚህ እናንተ ጠይቁ። ቀን የት ይውላል? ማን ያበላዋል፣ ያ ሰው ክፍለ አገር ሲሄድስ? ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ፣ ምን ሆነ? የመጨረሻዋን ጥያቄ በጥሞና አድምጡ። «ጠፋ»፣ «ሰጠነው»፣ «መኪና ገጨው» እያለ ሦስት አራት ውሻ የሚቆጥር ሰው ቀጣዩንም እንደዚያው ያደርገዋል። አሥራ ሁለት ዓመት አብሮት ኖሮ በእርጅና የሞተ ውሻ ያለው ሰው ግን ስለ ዋጋ ሳይጠይቅ ስለ ምግብ ይጠይቃችኋል። ቤት ብትቀይሩስ፣ ውጭ ብትሄዱስ ብላችሁም ጠይቁ። ሰው ቅር ይለዋል ብላችሁ አትፍሩ። ጀርመን ሼፐርድ ከ9 እስከ 13 ዓመት ይኖራል፣ የዛሬ ቡችላ የሚያረጀው የዛሬ ሕፃን ሃይስኩል ሲገባ ነው።

ከዚያ ቤታቸው ሂዱ። ቤቱን አላሳይም ለሚል ሰው ውሻ አትስጡ። አጥሩን እዩ፣ የቆርቆሮው ሥር ክፍተት አለው ወይ፣ በሩ ሲከፈት በቀጥታ አስፋልት ላይ ነው ወይ። የታሰረ ሌላ ውሻ ካለ የሰንሰለቱን ርዝመት፣ የውኃ ሳህኑን፣ ከሥሩ ያለውን መሬት ተመልከቱ። ክብ ሆኖ የተላገ መሬት ውሻው ከዚያ ተፈትቶ እንደማያውቅ ይናገራል። ግቢው ትንሽ ቢሆን ግድ የለም። በቀን ሁለት ጊዜ የሚያንሸራሽረው ሰው ያለበት ጠባብ ግቢ፣ ማንም ከማይኖርበት ሺህ ካሬ ይበልጣል። የቤቱን ሰው ሁሉ አግኙ። አባትየው ጓጉቶ እናትየው ከፈራች፣ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ውሻ የምትፈራ ሆና እንድታበላው የታሰበችው እሷ ከሆነች፣ ያ ቤት ገና አልተዘጋጀም።

በነጻ አትስጡ፣ ለትርፍም አትሽጡ። የክትባቱንና የማምከኑን ወጪ ይሸፍኑ ማለት ተገቢ ነው፣ ደላላንም ያርቃል።

ሰው ደጋግሞ የነከሰ፣ ሐኪምም ተስፋ የለውም ያለው ውሻ ሲያጋጥማችሁ ለሌላ ሰው አሳልፋችሁ አትስጡ። ያለ ሥቃይ እንዲያሸልብ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ከባድ ነው፣ ግን እውነቱን ደብቆ ልጆች ያሉበት ቤት ማስገባት ይከፋል።

8. ርክክብ

ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የሁለታችሁ ስምና ፊርማ፣ የውሻው ገለጻና ፎቶ፣ የታወቀ የጤናና የጸባይ ችግር፣ ቀኑ፣ እና «ማቆየት ካልቻልኩ ለሌላ ሳልሰጥ ለእናንተ እመልሳለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፣ እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ ውሻው ከየትኛው ቀን ጀምሮ የማን እንደሆነ መጻፉ ሁለታችሁንም ይጠቅማል።

የበዓል ሳምንት አታስረክቡ። ርችት አለ፣ እንግዳ አለ፣ በር ክፍት ነው፣ አዲስ ውሻ ደንግጦ የሚጠፋው ያኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጥሩ ነው፣ ቤተሰቡ ሁለት ቀን አብሮት ይሆናል። የሚተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቡ፣ የለመደውንም ምግብ ለሳምንት የሚበቃ ይዛችሁ ሂዱ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ ለጊዜው የሱ በር የእናንተ በር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ያለ ገመድ ከግቢ አይውጣ። አንገቱ ላይ የሁለታችሁም ስልክ ይጻፍ፣ ካመለጠ እናንተ በር ላይ ሊገኝ ይችላል። በሦስተኛው ቀን ደውሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሄዳችሁ እዩት። ስትሄዱ እየዘለለ ሊቀበላችሁ ይችላል፣ ያ ማለት አዲሱን ቤት ጠላው ማለት አይደለም። ጉብኝቱን አሳጥሩት፣ ስትወጡም ጌታው ይያዘው።

ደውለው «አልቻልንም» ካሉ አትቆጡ፣ ዛሬውኑ ሂዱና ውሰዱት። ከመኪና ሳታስገቡት በፊት ምን እንደተፈጠረ፣ መቼ፣ ማን አጠገቡ እንደነበር ጠይቃችሁ በዚያች ወረቀት ላይ ጨምሩት። ለቀጣዩ ቤተሰብ የምታሳዩት እሱን ነው።